ልምድ ከየት ይምጣ?



ብዙዎቹ ወጣቶቻችን ከሙያ ማሠልጠኛ ወጥተው፣ የብቃት ምዘናውንም አልፈው ቤት ተቀምጠዋል። ማመልከቻ ይዘው በሄዱ ቁጥር «የስንት ዓመት ልምድ አለህ?» ይባላሉ። ሥራ ያልሰጡት ልጅ ልምድ ከየት ያምጣ?

እንጭኒ ከሥራ የራቀች ከተማ አይደለችም። በዚሁ በአዳአ በርጋ ወረዳ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አለ፤ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት የተሠራው የዳንጎቴ ፋብሪካም በ2007 ዓ.ም. ተመርቋል። እንዲህ ያለ ቦታ በያጅ፣ መካኒክ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈልጋል። ሲሚንቶ መጫንም ሥራ ነው፣ አንንቅም፤ ግን በብየዳ የተመረቀ ልጅ ጉልበቱን በጆንያ ሥር ሲጨርስ ዝም ብለን ማየት የለብንም።

የትብብር ሥልጠና የሚባለው አሠራር 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛ ተቋም እንዲሆን የታሰበው በከንቱ አይደለም። እጅ የሚፍታታው ከባለሙያ አጠገብ ነው። አንዳንዱ ጋራዥ ግን ሠልጣኙን መጥረጊያ አስይዞ ያከርመዋል፤ ይህ ሥልጠና አይባልም።

ስለዚህ የጋራዥ፣ የጎሚስታና የብየዳ ቤት ባለቤቶች፣ ጡረታ የወጣችሁ ባለሙያ አባቶችም፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ልጅ ለስድስት ወር ይዛችሁ እንድታሠለጥኑ እንጠይቃለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለማጁ ከ15 ዓመት በታች አይሁን፤ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። የምሳው ነገር አብሮ ይታሰብበት፤ በባዶ ሆድ ሙያ አይገባም። ሴቶች ልጆቻችን ሲመጡም «የወንድ ሥራ ነው» ብሎ መመለስ ይቅር።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና ሙያችሁን እስከ ወሩ መጨረሻ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ።