ክሎሚድ የመንታ ኪኒን አይደለም

ለመጽሔቱ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በጤና ዓምድ መንታ የመውለድ ዕድልን ስለሚጨምሩ ነገሮች የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ከተጻፈው አብዛኛው ትክክል ነው። ቅር ያሰኘኝ፣ አንዲት ሴት ይህን አንብባ ስትጨርስ ወዴት እንደምትሄድ ጸሐፊው አለማሰቡ ነው። የምትሄደው ወደ ፋርማሲ ነው። «ክሎሚድ አለ?» ትላለች፤ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚረዳውን መድኃኒት ማለቷ ነው። ማዘዣ ሳትጠየቅ ገዝታ የምትወጣም አለች።

ክሎሚድ ፈላጊዋ ሁሉ ልጅ ያጣች እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያዋን በሰላም ወልዳ «በአንድ እርግዝና ሁለቱን ልገላገል» የምትልም አለች። የኑሮው፣ የወሊድ ፈቃዱና የሞግዚቱ ነገር ሲታሰብ ምኞቷ አይገርመኝም። «መንታ ውለዱ» ተብሎ ሲመረቅ እየሰማን ያደግን ነን።

ዕድሉ ግን ለምኞት አይታዘዝም። አንድ የተፀነሰ እንቁላል ለሁለት ተከፍሎ የሚፈጠሩት፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆኑት መንታዎች በየትኛውም አገር ከ1,000 ወሊድ በ4 ገደማ ያጋጥማሉ። ይህን ቁጥር ምግብም ሆነ ዘር አይቀይረውም። ልዩነቱ በሌላኛው ዓይነት ነው፤ እናትየው በአንድ ወር ሁለት እንቁላል ለቃ ሁለቱም ሲፀነሱ በሚወለዱት። ይህ ከእናትየው ዘር፣ ከቁመቷና ከክብደቷ፣ ቀደም ሲል ከወለደቻቸው ልጆች ብዛት ጋር ይያያዛል። ከዕድሜዋም ጋር። ሴት ወደ 40 ስትጠጋ እንቁላሎቿ እየተመናመኑ ስለሚሄዱ አንጎል እንቁላል የሚያበስለውን ሆርሞን አብዝቶ ያመነጫል፤ አንዳንዴም ሁለት እንቁላል አብሮ ይበስላል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ መንታ የመፀነስ ዕድሏ ከፍ የሚለው ጭራሽ የማርገዝ ዕድሏ በሚያሽቆለቁልበት ዕድሜ ነው። ለመንታ ብላ ቀን የምትቆጥር ሴት አንዱንም ልታጣ ትችላለች።

የባል ወገን ነገርም አለ። «በእኛ ዘር መንታ ሞልቷል፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» የምትል አማት አላጣሁም። እንቁላል የምትለቀው ሚስት ናት፤ የባል ቤተሰብ በመንታ ቢጥለቀለቅ ለእሷ የሚጨምርላት ነገር የለም። ባልየው ያንን ውርስ ለሴት ልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ልጅቷም በተራዋ መንታ ትወልድ ይሆናል። መንታ አንድ ትውልድ ይዘላል የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። (ጽሑፋችሁ ይህችን ብቻ ቢጨምር ኖሮ ስንቷን ሙሽራ ከነገር ባዳነ!)

ወደ ክሎሚድ ልመለስ። መድኃኒቱ የታሰበው እንቁላል መልቀቅ ለተቸገሩ ሴቶች ነው። ኢስትሮጅን ያነሰ እንዲመስለው አንጎልን አታሎ ያንኑ እንቁላል የሚያበስል ሆርሞን ያስጨምረዋል። ሐኪም የሚያዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ለ5 ቀን ነው፤ ውጤቱንም ይከታተላል። በእሱ ካረገዙት ሴቶች እንኳ መንታ የሚይዙት ከ100 ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው፤ ሌሎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወልዱት አንድ ነው። በራሷ ጊዜ እንቁላል የምትለቅ ጤነኛ ሴት በድብቅ ስትውጠው የምታተርፈው ድንገተኛ የሰውነት ሙቀት፣ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ ሲከፋም ያበጠ ኦቫሪ ሊሆን ይችላል።

ቢሳካላትስ? ጽሑፋችሁ የናይጄሪያዋን ኢግቦ-ኦራ «የመንታዎች መዲና» ብሎ አወድሷል። እውነት ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ ዮሩባዎች በመንታ ብዛት በዓለም የታወቁ ናቸው። ቀድሞ የተወለደውን ታይዎ፣ ተከታዩን ኬሂንዴ ይሉታል። የከተማዋ ሰዎች ምስጢሩ የባሚያ ቅጠል ወጥና ቦዬ ነው ይላሉ፤ ሳይንስ ግን አላረጋገጠላቸውም። ሳይነሳ የታለፈው ሌላው የዮሩባዎች ልማድ ነው። ከመንታዎቹ አንዱ ሲሞት ኢቤጂ የሚባል ትንሽ የእንጨት ምስል ይቀረጽለት ነበር። እናትየው ምስሉን ታጥበው፣ ታለብሰው፣ ምግብ ታቀርብለት ነበር። ዛሬ እነዚህ ምስሎች በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ተደርድረው ይታያሉ። ያን ሁሉ ምስል ያስቀረጸው የሕፃናት ሞት ነው።

«የድሮ ነገር ነው» ትሉኝ ይሆናል። በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ከ2009 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከ1,000 መንታ ልጆች 213ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር አሳይቷል። ከአምስት አንድ መሆኑ ነው። በየሠፈሩ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሲሄዱ ዓይናችን የሚገባው የተረፉት ናቸው። ከመንታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ፤ ክብደታቸው ያንሳል፣ ሙቀትና ትንፋሽ ይቸግራቸዋል። እናትየውን ደግሞ የደም ግፊት፣ የደም ማነስና ከወሊድ በኋላ የደም መፍሰስ ያሰጋታል። ማሞቂያው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶ ሁለት ሕፃን ታቅፎ መቆም ምን እንደሚመስል የማዋለጃ ክፍል ሠራተኛ ያውቀዋል።

መንታ ያረገዘችውን እህቴን ላስፈራራ አልተነሳሁም፤ ክትትል ካገኘች አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱም በደህና ወደ ቤት ይገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሁሉ 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ ይመክራል። መንታ ከሆነ ሁለቱ አንድ እንግዴ ልጅ መጋራት አለመጋራታቸው ቀደም ብሎ መታየት አለበት፤ የሚጋሩት የበለጠ ክትትል ይሻሉና። መውለድ ያለባትም ቀዶ ሕክምናና ደም ባለበት ሆስፒታል ነው። ከጽሑፋችሁ የጎደለው ይህ ነው፤ በሚቀጥለው እትም አውጡልን። ፋርማሲ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም ያለ ሐኪም ማዘዣ ክሎሚድ አትሽጡ።

አንባቢያችሁ፣ አዋላጅ ነርስ
ከደሴ