አምስት ጊዜ የተሸነፈው ዕጩ

ባለፈው ሳምንት ስለ አሜሪካ ምርጫ ሳስተምር፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እጁን አንሥቶ፣ «መምህር፣ እንደማያሸንፍ እያወቀ የሚወዳደር ሰው ምን ይባላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ «ሞኝ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ደወሉ ተደወለና ሳልመልስለት ወጣሁ፤ ዕዳዬን እዚህ ልክፈል። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዩጂን ደብስ በ1855 በኢንዲያና ግዛት ተወለደ። በ14 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ምድር ባቡር ተቀጠረ፤ ኋላም በባቡሩ እሳት ላይ ከሰል የሚጨምር ሠራተኛ ሆነ። በ1893 የባቡር ሠራተኞችን ሁሉ በአንድ ማኅበር ለማስተባበር ተነሣ። ጥቁር ሠራተኞችም ይግቡ ብሎ ቢከራከር ጉባኤው በድምፅ ብልጫ እንቢ አለው። ሽንፈትን የለመደው ገና ከዚያ ነው ማለት ይቻላል። በ1894 በተነሣው በፑልማን አድማ ምክንያትም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ጥሰሃል ተብሎ ስድስት ወር ታሰረ።

ከ1900 እስከ 1920 ባለው ጊዜ በሶሻሊስቶች ስም አምስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ቀረበ። በዚያ አገር በአንድ ግዛት ብልጫ ያገኘ ዕጩ የግዛቱን ወኪል መራጮች አብዛኛውን ጊዜ ጠቅልሎ ስለሚወስድ፣ ከሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ውጭ የቆመ ሰው ብዙ ድምፅ አግኝቶም ባዶ እጁን ይመለሳል። ደብስ በ1912 ዘጠኝ መቶ ሺህ ያህል ሰው መረጠው፤ ከመቶ ስድስት መሆኑ ነው። ያገኘው ወኪል መራጭ ግን አንድም የለም።

ታዲያ ምን ይጠይቅ ነበር? ሴቶች ይምረጡ፣ ሕፃናት ከፋብሪካ ይውጡ፣ ሽማግሌ ጡረታ ያግኝ ይል ነበር። የሴቶች ድምፅ በ1920 በሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ የጡረታው ሕግ በ1935፣ የሕፃናት ሥራ ገደብ በ1938 ወጣ። ያወጡት ያሸነፉት ፓርቲዎች ናቸው። ሁሉ የደብስ ሥራ ነው አልልም፤ ሌሎችም ብዙ ደክመውበታል። ፋብሪካና ሐዲድ ሁሉ የሕዝብ ንብረት ይሁን የሚለው ዋናው ምኞቱ ግን አልተፈጸመም፤ እኔም በዚህ አልከተለውም።

በሰኔ 1918፣ አገሩ በጦርነት ላይ ሳለች፣ በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ ቆሞ፣ ጦርነት የሚያውጁት ጌቶች፣ የሚሞቱት ግን ድሆች ናቸው ሲል ተናገረ። ስለዚህ ንግግር አሥር ዓመት ተፈረደበት። በ1920 ከአትላንታ እስር ቤት ሆኖ ሲወዳደር፣ ደጋፊዎቹ የእስረኛ ቁጥሩ 9653 የተጻፈበት ምልክት ደረታቸው ላይ አድርገው ዞሩ። ያን ጊዜም ከዘጠኝ መቶ ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ።

በዚያው ምርጫ ያሸነፈው ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ቅጣቱን አሳጥሮለት በ1921 የገና ቀን ተፈታ። ከበሩ ወጥቶ ሲሄድ፣ ከኋላው በሺህ የሚቆጠሩ እስረኞች በአንድ ድምፅ ጮኹለት፤ ዘወር አለና ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ሲነሣቸው እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። በማግሥቱ ሃርዲንግ በቤተ መንግሥቱ ተቀብሎ አነጋገረው።