ውሻውን ከመንገድ ማንሳት ግማሹ ሥራ ነው

በጎንደር ውሻ አሳድጋለሁ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ነገር ሰንሰለት ነው። ክትባት አይደለም፣ ምግብም አይደለም፣ ሰንሰለት። ቀን ቀን በር ጥግ ይታሰራል፤ ማታ ግቢ ውስጥ ይለቀቃል፤ በሩ ክፍት ከተገኘ ደግሞ እስኪነጋ ሰፈሩን ሲዞር ያድራል። ጠዋት ተመልሶ ይታሰራል። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት የኖረ ውሻ እንግዳ ሲመጣ ያጓራል፣ ሌላ ውሻ ሲያይ ሰንሰለቱን ሊበጥስ ይደርሳል። ባለቤቱም «ኃይለኛ ነው» እያለ ይኮራበታል።

ኃይለኛ የምንለው ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የፈራ ውሻ ነው። ቡችላ ሌላውን ውሻ፣ ሰውን፣ ባጃጁን፣ የሕፃናቱን ጩኸት «ይሄ አያስፈራም» ብሎ የሚለምደው ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ በድንጋይ የተሳደደ፣ ከእናቱ ቶሎ የተነጠለ ወይም ብቻውን የታሰረ ቡችላ ካደገ በኋላ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ መሸሽ ወይም መንከስ። ሰንሰለት ደግሞ መሸሽን ይከለክለዋል። የቀረውን እናንተ አስሉት።

ይህን የምጽፈው ከሐምሌ ጀምሮ አንዲት ሴት ውሻ አብራኝ ስለምትኖር ነው። ቡላ ትባላለች፤ ስሟ ከመልኳ ነው። ማራኪ አካባቢ ከአንድ የጎርፍ ማፋሰሻ ቱቦ ሥር ወጣች፤ እከክ ጎኗን በልቶታል፣ ሆዷ በትል ተነፍቷል። ሐኪሙ ጥርሷን አይቶ ስምንት ወር ገደማ ይሆናታል አለ። ሰውን በሳምንት ውስጥ ለመደች፤ ፍርፋሪ እንጀራ ብዙ ነገር ያስማማል። ከውሻ ጋር ግን አልሆነም። ሌላ ውሻ ስታይ ጅራቷን ሆዷ ሥር ትሸጉጣለች፣ የጀርባዋ ፀጉር ይቆማል፣ ከዚያ ቀድማ ትነክሳለች።

ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቀን ቡላን በገመድ ይዤ ስወጣ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ሰው የሚበላው ባጣበት ዘመን ውሻ ታስተምራለህ?» አሉኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። «ለእርስዎም ብዬ ነው እትዬ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚተላለፈው በለሃጭ ነው፤ ከውሻ ወደ ውሻ በዋናነት የሚሻገረውም በንክሻ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ ናቸው፣ ከመቶ 99 ያህሉ በሽታው የደረሳቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። እንግዲህ በየሌሊቱ ከሰፈሩ ውሾች ሁሉ ጋር የሚናከስ ውሻ ማለት፣ ከሰፈሩ ውሾች ሁሉ ለሃጭ ጋር የሚገናኝ ውሻ ማለት ነው። ጠዋት ደግሞ ልጆች ያሉበት ግቢ ተመልሶ ይገባል። መጣላት የማይወድ ውሻ ግን ጥቂት ይነክሳል፣ ጥቂትም ይነከሳል። ውሻን ከውሻ ጋር ማላመድ የፈረንጅ ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይህን ያስብልኝ። በእርግጥ ክትባቱን አይተካም፤ ከክትባቱ ጎን የሚቆም እንጂ።

ስለዚህ ክትባቱ ይቅደም። ቡላን ካስከተብኩ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ጠበቅኩ፤ ክትባት በተወጋ ማግስት አይሠራም። የሆድ ትሉንና እከኩን አሳከምኩ። የሚያሳክከው ውሻ ትዕግሥት የለውም፤ እኛስ ብንሆን? ጎንደር ለዚህ አትታማም፤ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ከተማ ነው፣ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ አይጠፋም።

ቀጥሎ ሽማግሌ ፈለግኩላት። የሰፈራችን ባለሱቅ መቻል የሚባል ያረጀ ውሻ አለው (ስሙ ለጎረቤት የተላከ መልእክት ይመስለኛል፤ ውሻ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚሰየመው ለሌላ ሰው ነው)። መቻል ቡችላ ጆሮውን ቢጎትተው እንኳ ፊቱን ዞር አድርጎ የሚተኛ ፍጡር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ባጃጁ ሳይበዛ፣ ሁለቱንም በገመድ ይዘን በኮብልስቶኑ ግራና ቀኝ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ ጀመርን። ፊት ለፊት አላገናኘናቸውም። ሁለት ውሾችን አፍንጫ ለአፍንጫ አፋጥጦ «ተዋወቁ» ማለት ሁለት የተጣሉ ሰዎችን በጠባብ ኮሪደር እንደ ማገናኘት ነው። ጎን ለጎን፣ ራቅ ብሎ፣ አብሮ መሄድ ግን ጠብ የለውም። በየቀኑ አንድ አንድ እርምጃ ቀረብን።

በዚህ መሃል የተማርኩት ትልቁ ነገር ስለ ገመድ ነው። ውሻዬ ትጣላለች ብዬ ገመዱን ሳጠብቀው እጄ የነገራት «አደጋ አለ» ብሎ ነው፤ መሸሻም ወሰድኩባት። ሲላላ ትረጋጋለች። ሁለተኛው ፊቷን ማንበብ ነው። ሳይደክማት ካዛጋች፣ ሳትበላ ከንፈሯን ከላሰች፣ ዓይኗን ከሰበረች «በቃኝ» ማለቷ ነው፤ ያን ጊዜ መራቅ ነው። የፊት እግሮቿን መሬት ላይ ዘርግታ ቂጧን ካነሳች ደግሞ ጨዋታ እየጠየቀች ነው። ይህን ለማየት ስድስት ሳምንት ፈጀብን። አንድ ጠዋት ቡላ ለመቻል ሰገደችለት፤ መቻል ግን ለጨዋታ ዕድሜው አልፏል፣ አሽትቷት ዝም ብሎ ሄደ። ለእኔ በቂ ነበር። ምግብ ላይ ግን እስከ ዛሬ አብረው አይቀርቡም፤ የተራበ ውሻ ጓደኛ የለውም።

ስለ ረሃብ ካነሳን ሁዳዴን አስቡት። ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ሲዘጋ በሩ ላይ ይኖሩ የነበሩት ውሾች የት ይሄዳሉ? ልብ ብላችሁ ከሆነ የሌሊቱ ንክሻና ጩኸት በዚያ ሰሞን ሌላ ነው፤ ሁሉም ቆሻሻ ገንዳው ጋ ይገናኛል። አዲስ ያነሳችሁትን ውሻ ለማላመድ ይህን ወቅት አትምረጡ።

አሁን ወደ ተማርኩት ትምህርት ልመለስ። በኢኮኖሚክስ ኤክስተርናሊቲ የምትባል ቃል አለች፤ አንዱ ለራሱ ብሎ የሚያደርገው ነገር ዋጋው በሌላው ላይ ሲወድቅ ማለት ነው። ያልተከተበ ውሻ በሌሊት መልቀቅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም። ጥበቃውን ባለቤቱ ያገኛል፣ ንክሻውን ተማሪዋ፣ እንጨት ሻጯ፣ ለኪዳን የሚገሰግሱት እናት ይቀበላሉ። ለረጅም ዓመታት በአገራችን ሲሰጥ የኖረው የሰው ክትባት ለ14 ተከታታይ ቀናት የሚወጋ ነበር። አዲሱም ቢሆን ተደጋጋሚ ምልልስ አለው። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ለመርፌ ጎንደር የሚመላለስ ገበሬ የትራንስፖርቱን፣ የአልጋውን፣ ያልታረሰውን መሬት ስትደምሩበት የአንድ ውሻ ክትባት ዋጋ ምንም አይሆንም። (የተነከሰ ሰው በመጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም ይሂድ። ጸበሉ ይቅር አልልም፤ ከክትባቱ አይቅደም ነው የምለው።)

በከተሞቻችን ለዚህ ሁሉ የተለመደው መልስ መርዝ ነው። መርዙ ግን የተከተበውን ካልተከተበው፣ ጨዋውን ከነካሹ አይለይም። ገንዳውና ሥጋ ቤቱ እስካሉ ድረስ የሞቱትን ቦታ ሌሎች ይይዙታል፤ አዲሶቹ ደግሞ ክትባት የላቸውም፣ እርስ በርስም አይተዋወቁም፣ ቦታ እስኪደላደሉ ይናከሳሉ። በሽታውን የሚቆርጠው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ሲናገር ቆይቷል። የተከተበን ውሻ በመርዝ መግደል የገነባነውን አጥር በገዛ እጃችን ማፍረስ ነው። ያው በእኛ ቋንቋ በከንቱ የፈሰሰ ደም «ደመ ከልብ» ይባል የለ? ከልብ ውሻ ነው። ለውሻ ደም የሚጠይቅ የለም ያልነው ከጥንት ነው።

ነገሩ ደግሞ በጎንደር ከተማ አያበቃም። ቅዳሜ ገበያ በጎችና ገበያተኞች በአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ሲወርዱ የሚከተሏቸው ውሾች አሉ፤ ገሚሱ ከተማ ይቀራል፣ ገሚሱ ይመለሳል። ከደባርቅ በላይ ያለው የእረኛ ውሻ ከመንጋው ጋር እስከ ስሜን ተራሮች ግጦሽ ይወጣል። እዚያ ደግሞ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ያሉት ቀይ ቀበሮዎች በሙሉ ተቆጥረው ከ500 ገደማ አይበልጡም፤ የስሜኖቹ ከመቶ ያንሳሉ። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በኢትዮጵያ ብቻ ስለሆነ ከዚህ ከጠፋ ከየትም አይመጣም።

ይህ ተረት እንዳይመስላችሁ ባሌን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ከውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ የባሌን ቀይ ቀበሮዎች ፈጅቷል። በ2003 በተነሳው ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑት አለቁ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በተራሮቹ ዙሪያ የገበሬውን ውሾች የሚከትበው ለዚህ ነው። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ፣ ከዚያ ለመውጣት እስከ 2017 ጠብቋል። ያን ሁሉ ልፋት አንድ ያልተከተበ ውሻ እንዳይበላው እሰጋለሁ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ነው፣ በመስቀል ማግስት። ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ጋር በሚሰባሰብበት በዚያ ሰሞን ቀበሌዎች አንድ የክትባት ቀን ቢያውጁ፣ ለተከተበ ውሻ አንገት ላይ የሚታሰር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ጨርቅ ቢሰጡ ትልቅ ነገር ነው። መርዝ የሚበትነውም ሰው፣ የሚፈራውም ሕፃን ያየዋል።

እኛ ሰፈር ቀበሌውን ሳንጠብቅ ጀምረናል። አረንጓዴ ጨርቅ ያሰሩ አራት ውሾች አሉ፤ ቡላ፣ መቻል፣ የፀጉር ቤቱ ውሻና ባለቤት የሌላት አንዲት ነጭ። አራቱ በአንድ ጥግ ጥላ ሲጋሩ አይቻለሁ። አምስተኛው የእትዬ ውሻ ነው፤ እስካሁን በሰንሰለት ላይ ነው። ትናንት ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጨርቁን ተውና መጀመሪያ መርፌውን አስወጋልኝ፤ እኔ እይዝልሃለሁ» ብለውኛል። ቀጠሯችን ሐሙስ ነው።