«የድሮውን አሰማን» ለሚሉ ጓደኞቻችን

ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ እንቅልፍ ነሥቶን ነበር። የክርክሩ ምክንያት ፖለቲካ አልነበረም፤ ፈተናም አልነበረም። ስቲቭ ሃኬት የተባለው እንግሊዛዊ የጊታር ተጫዋች በ2024 ያወጣው «ዘ ሰርከስ ኤንድ ዘ ናይትዌል» የተሰኘው አልበም ነበር (እዚህ ላይ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው)። በአማርኛ «ሰርከሱና የሌሊቱ ዓሣ ነባሪ» ብንለው ከስሙ ብዙ አንርቅም። አልበሙ ገና ከመጀመሩ አንዱ ወዳጃችን ከአልጋው ቀና ብሎ «ይኽ ይቆየንና የድሮውን አሰማን» አለ። ሌላው ደግሞ «74 ዓመት ሞልቶት አሁንም ሮክ? ሰውዬው አርፎ አይቀመጥም ወይ?» ሲል አፌዘ። ያን ሌሊት ጩኸቱ በዝቶ በቂ መልስ ሳንሰጥ ስለ ቀረን ነገሩን በዚህ ገጽ ልናነሣው ወደድን።

ለማያውቁት ጥቂት እንበል። ፕሮግሬሲቭ ሮክ የሚባለው ሙዚቃ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝ አገር የተወለደ ነው። ወጣቶቹ ሮክን ከሦስት ደቂቃው የጭፈራ ዘፈን አውጥተው፣ ከክላሲካልና ከጃዝ ጋር አዋሕደው፣ ረጅም ታሪክ ሊተርኩበት ፈለጉ። ጄነሲስ ከነዚህ ቡድኖች አንዱ ነበር። ሃኬት በ1970 መጨረሻ «ሜሎዲ ሜከር» በተባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ላይ፣ ባለበት ከረጋው የሙዚቃ ልማድ አልፈው ለመሄድ የቈረጡ ባልደረቦችን እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ማስታወቂያውን አይቶ የጠራው የጄነሲስ ዘፋኝ ፒተር ጋብርኤል ነበር። ከ1971 እስከ 1977 ድረስም ሃኬት ከቡድኑ ጋር ስድስት የስቱዲዮ አልበሞች ሠራ። ከነዚህ በአንዱ፣ በ1972 በወጣው «ፎክስትሮት» ላይ፣ አንድ ዘፈን ብቻውን ወደ 23 ደቂቃ ይፈጃል። የሁለቱንም እጆች ጣቶች በጊታሩ አንገት ላይ እየመቱ መጫወትንም፣ ብዙ ሰው የኤዲ ቫን ሄለን ፈጠራ የሚያደርገውን ማለት ነው፣ እርሱ አስቀድሞ በ1971 አልበም ላይ ተጫውቶታል።

በ1977 ግን ቡድኑን ትቶ ወጣ። ምክንያቱም የራሱ ድርሰቶች በቡድኑ አልበሞች ላይ የሚፈልገውን ያህል ቦታ ስላላገኙ ነው። እዚህ ላይ ልብ ይሏል! ሰውዬው ከሞቀ ቤት የወጣው የራሱን አዲስ ነገር ለመሥራት ነው፤ አድማጭ ግን ወደ ሃምሳ ዓመት ግድም ቆይቶም «ተመለስ» ይለዋል። እርሱም አልጨከነም፤ በ2022ና በ2023 «ፎክስትሮት»ን ከጫፍ እስከ ጫፍ በየከተማው እየዞረ ተጫውቷል። ስለዚህ ለድሮው ዕዳውን የከፈለ ሰው ነው። አዲሱን ሲያቀርብ 45 ደቂቃ ጆሯችንን መስጠት የሚከብደን ለምንድን ነው?

አልበሙ ለብቻው ከሠራቸው የስቱዲዮ አልበሞች 30ኛው ነው። 74ኛ ዓመቱን ከያዘ በአራተኛው ቀን፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2024 ወጣ። በውስጡ 13 ክፍሎች አሉ፤ ሁሉም ትራቭላ የሚባል አንድ ወጣት ሕይወት ይከተላሉ። ትራቭላ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያሻም፤ ራሱ ሃኬት ነው። ሃኬት በ1950 የተወለደው ፒምሊኮ በሚባለው የለንደን ሠፈር ነው። ከቴምዝ ወንዝ ማዶ የባተርሲ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ቆመዋል፤ በሌላው በኩል የቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ አለ። ጦርነቱ ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ስለ ነበር ከተማው ከፍርስራሹ አልተላቀቀም። በዲሴምበር 1952 የከሰል ጭስና ጉም ተቀላቅሎ ለንደንን አምስት ቀን ሸፈናት፤ በዚያን ጊዜ መንግሥት የገመተው የሟች ቍጥር 4,000 ያህል ነበር። ያን ጊዜ ልጁ ሦስት ዓመት አልሞላውም። የአልበሙ የመጀመሪያ ክፍል «የጭሱ ሕዝብ» መባሉ እንግዲህ ለማሳመር ብቻ አይደለም። የድሮ ራዲዮ ድምፅ ይሰማል፤ ባቡር ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ጊታሩ እንደ በር ተበርግዶ ይገባል።

ስለ ጊታሩ ድምፅ ትንሽ እንቆይ፤ የአልበሙ ነፍስ እዚያ ነውና። ክራር ሲመታ ድምፁ ወጥቶ ወዲያው መሞት ይጀምራል። ጊታርም ያው ነው። መሰንቆ ግን ጭራው ክሩን እስከ ሳበ ድረስ ማልቀሱን አያቆምም። ሃኬት ለብዙ ዓመት ጊታሩን እንደ መሰንቆ ለማስለቀስ ሲደክም የኖረ ሰው ነው፤ ለዚህም በጊታሩ ላይ የተተከለ ሰስቴይነር የሚባል መሣሪያ ይጠቀማል። መሣሪያው በማግኔት ኃይል ክሩን ያለ ማቋረጥ ስለሚያርገበግበው አንዷ ድምፅ ተጫዋቹ እስከ ፈቀደ ድረስ ትኖራለች። መሣሪያውን ማንም ሊገዛው ይችላል። ያችን አንዲት ድምፅ ይዞ መቼ ማጠንከር፣ መቼ ማላላት፣ መቼ መተው እንደሚገባ ግን ሱቅ አይሸጠውም። «እነዚህ የሚያልፉ ደመናዎች» በተባለው አጭር ክፍል ውስጥ ቃል የሚባል የለም፤ ይሁን እንጂ ከመካከላችን ሁለቱ ያን ጊዜ ዝም አሉ። (ያፌዘው ወዳጃችን ከሁለቱ አንዱ ነበር፤ ስሙን አንጽፍም።)

ከልጅነት ወጥቶ ትራቭላ ወደ ሰርከሱ ይገባል። እኛ እንደ ተረዳነው ሰርከሱ የዝና ዓለም ነው፤ መብራትና ጭብጨባ አለበት፤ መውጫው ግን አይታይም። «አውጡኝ!» የሚለው ክፍል ላይ ጊታሩ እንደ ታሰረ ሰው ይጮኻል። ከአዘርባይጃን የመጣ ማሊክ ማንሱሮቭ የሚባል ባለሙያ ታር የተባለውን የአገሩን ባለ ክር መሣሪያ ይዞ በአልበሙ ላይ ተሳትፏል፤ የሰርከሱን ትርምስ ከነአቧራው ያመጣልናል። ከዚያም ባሕር፣ ከዚያም የዓሣ ነባሪው ሆድ። የነነዌን ጾም እያወቅን ላደግን ሰዎች ዮናስን ማስታወስ አይከብደንም።

እንግዲህ ሁሉን እናወድሳለን ማለት አይደለም። ሃኬት ዘፋኝ አይደለም፤ ድምፁ ለስላሳና ቀጭን ስለ ሆነ በብዙ ድምፅ ሲደራረብ ያምራል፣ ብቻውን ሲቀር ግን ታሪኩን ለመሸከም አቅም ያጥረዋል። ሮጀር ኪንግ በኪቦርድ የሚያሰማው የኦርኬስትራ ድምፅ አንዳንድ ቦታ ስኳር እንደ በዛበት ሻይ ነው። ግጥሙም ቢሆን ትራቭላ ከሰርከሱ እንዴት ወደ ባሕር እንደ ደረሰ በቅጡ አይነግረንም፤ ቀጥታ ታሪክ የለመደ ሰው መካከል ላይ ይጠፋበታል። እነዚህን ጉድለቶች የዘረዘረ ተከራካሪ ቢኖር ኖሮ በደስታ በሰማነው ነበር። ጓደኞቻችን ግን ይኽን አላሉም። አልሰሙትማ!

ከሁሉ የገረመን ሌላ ነገር ነው። «የድሮውን አሰማን» ያለው ይኸው ወዳጃችን ከዓመት ዓመት ያንኑ ወረቀቱ ቢጫ የሆነ ማስታወሻ እያነበበ በሚያስተምር መምህር ዘወትር ያማርራል። እውነቱን ነው፤ እኛም አብረን እናማርራለን። ታዲያ ከመምህር የማንታገሠውን ከሙዚቀኛ ለምን እንለምናለን? ሽማግሌ ያወቀውን ሲደግም «ፈዘዘ» እንላለን፤ አዲስ ሲሞክር ደግሞ «አርፎ ይቀመጥ» እንላለን። ሰውዬው በየትኛው በኩል ይለፍ?

ለአልበሙ የጎዳው ነገር ደግሞ የእኛው የአሰማም ልማድ ነው። በስልካችን አንዱን ዘፈን አሥር ሰከንድ ሰምተን በጣታችን እንገፋዋለን። ይኽ አልበም ግን እንደዚያ ሲቈራረጥ ምንም አይደለም፤ አንዳንዱ ክፍል ሁለት ደቂቃ እንኳ የማይሞላና ከፊቱ ካለው ጋር ካልተያያዘ ትርጉም የሌለው ነው። የመጨረሻው «ነጭ ርግብ» ለዚህ ምስክር ነው። ከጭሱና ከሰርከሱ፣ ከዓሣ ነባሪውም ሆድ ሲወጡ፣ ከበሮ የለ፣ ኤሌክትሪክ የለ፣ አንድ ተራ የናይለን ክር ጊታር ብቻ ይቀራል። ለብቻው ቢሰሙት የሚያምር ነገር ነው ብለው ያልፉታል። ከ12ቱ በኋላ ሲሰሙት ግን በልጅነቱ በዚያ ጭስ መካከል ሃርሞኒካ ይነፋ የነበረው ልጅ አርጅቶ ከፊትዎ የተቀመጠ ይመስላል።

ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ በመኝታ ቤታችን አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናሰማለን። ድምፅ ማጉያ ከጎረቤት ተውሰናል፤ መብራት ቢጠፋም ባትሪው ይበቃል። ወንበር ስለሌለ ቀድሞ የመጣ አልጋ ላይ ይቀመጣል። መቃወም የፈለገ ሁሉ ይምጣ፤ ነገር ግን 45ቱ ደቂቃ እስኪያልቅ ድረስ መናገር ክልክል ነው። ከዚያ በኋላ «ፎክስትሮት»ንም እናሰማለን።