ደም ግባት ያለው ሽፍታ

«ሲኒማ ለልጆቻችን ምን ያስተምራል?» ብለው የሚጠይቁን ወላጆች ብዙዎች ናቸውና፣ በዚህ ወር አንድ የቆየ ፊልም እንመረምራለን። ይኸውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በአሜሪካ የታየው «ኢን ኦልድ አሪዞና» ነው። ድምፃቸው ከቤት ውጭ በሜዳ ከተቀረጸ ቀደምት ፊልሞች አንዱ ሲሆን፣ ሽፍታውን ሲስኮ ኪድን ሆኖ የተጫወተው ዋርነር ባክስተር የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል።

ኦ. ሄንሪ የተባለው ደራሲ ታሪኩን በ1907 ሲያሳትመው፣ ሲስኮ ኪድ ርኅራኄ የሌለው ነፍሰ ገዳይ ነበረ። ፊልሙ ግን ደም ግባትና ጨዋታ አልብሶ አቀረበው። ተመልካቹ የተዘረፈውን ሠረገላ ረስቶ ከዘራፊው ጋር ይስቃል፤ እኛም መሳቃችንን አንሸሽግም። ፍጻሜው ግን አልተለወጠም። የሚወዳት ቶኒያ፣ ሊይዘው ለሚያሳድደው ሃምሳ አለቃ አሳልፋ ልትሰጠው መምከሯን ባወቀ ጊዜ፣ በስሟ ሐሰተኛ ደብዳቤ አደረሰውና ሃምሳ አለቃው ራሱ ሳያውቅ በጥይት ገደላት። ሽፍታው ጥይት ሳይተኩስ ተበቅሎ፣ በፈረሱ ተቀምጦ ሄደ።

ቤተ ክርስቲያናችን በስቅለት ቀን የምታስበው ፈያታዊ ዘየማንም ወንበዴ ነበረ። የከበረው ግን በደም ግባቱ አይደለም፤ በደሉን አምኖ ምሕረት ስለ ለመነ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ፊልም ከፍ ካሉት ልጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እዩ። ሲያበቃም «የሽፍታውን ዕዳ የከፈለ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ቶኒያን ያስታወሱ እንደ ሆነ፣ ከፊልሙ ተጠቅመዋል።