ማብሪያውን ማን ሠራው?

የሞዮኮ አኖ ማንጋ «ሃታራኪ ማን» በተወራ ቁጥር ወሬው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ ሥራና ፍቅርን ማመጣጠን ያቃታት ሴት ታሪክ። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ጥፋተኛውንም አስቀድሞ ለይቷል። ያቃታት እሷ ናት። አራቱን ጥራዞች ያነበበ ሰው ግን እንዲህ ብሎ ለመፍረድ ብዙ ገጽ እያየ እንዳላየ ማለፍ ይኖርበታል።

ሂሮኮ ማትሱካታ 28 ዓመቷ ነው፤ የአንድ ሳምንታዊ መጽሔት አዘጋጅ ናት። ትልቅ ወሬ የተገኘ ለት ውስጧ ያለ ማብሪያ ቀጭ ይላል። «የወንድ ማብሪያ» ነው የሚባለው። አንዴ ከበራ እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ ገላ መታጠቡም፣ ፍቅረኛዋ ሺንጂም ከሐሳቧ ይወጣሉ። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። ጎበዝ ሴት ሲያይ «እሷኮ ወንድ ናት!» ብሎ የሚያሞግስ ቋንቋ ማብሪያውን በደንብ ያውቀዋል። ሙገሳው ጉብዝናውን በወንድ ስም ያስመዘግባል፤ ድካሙን ግን ለሷ ይተዋል።

ርዕሱም የሚናገረው ይህንኑ ነው። «ሃታራኪ» መሥራትን ያመለክታል፤ «ማን» ደግሞ ጃፓኖች ደመወዝተኛውን «ሳራሪማን» ሲሉ ከእንግሊዝኛ የተዋሱት ወንድ ነው። (በአማርኛ «ማን» ጥያቄ መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ እዚህ ግን በቦታው የገባ አጋጣሚ።)

ጃፓን የሥራ ዕድል እኩልነት ሕጓን ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ነው፤ በዓመቱ ሥራ ላይ ዋለ። ሴቶች በሌሊትና በትርፍ ሰዓት እንዳይሠሩ ይገድቡ የነበሩት ድንጋጌዎች ደግሞ በ1999 ተነሡ። የሆነውን ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ የወንዶቹ ሰዓት አላጠረም፤ ሴቶቹ ወደ ወንዶቹ ሰዓት ገቡ። ያ ሰዓት በልኩ የተሰፋው ግን ቤት ውስጥ እራት የምትሠራለት፣ ሸሚዙን የምትተኩስለት፣ ልጆቹን የምታሳድግለት ሰው ላለችው ሠራተኛ ነበር። ሂሮኮ ሚስት የላትም። ማንጋው በ2004 ሲጀመር ይህ ሁሉ የአምስት ዓመት ትዝታ ነው፤ «ሚዛን» የሚለው ቃል ደግሞ ሕግና መሥሪያ ቤት ያልፈቱትን እንቆቅልሽ ጠቅልሎ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ይጭነዋል።

የታተመበት ቦታም ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። አኖ በ1990ዎቹ «ሃፒ ማኒያ»ን ስትሠራ በሴቶች መጽሔት ላይ ፍቅርን የምታሳድድ ሴት ሥላ ነበር። «ሃታራኪ ማን» የወጣው ግን ኮዳንሻ ለአዋቂ ወንዶች በሚያሳትመው ሳምንታዊ «ሞርኒንግ» ላይ ነው። ጥያቄውን የሰዓቱ ባለቤቶች ፊት ወስዳ አስቀመጠችው ማለት ነው።

ሺንጂም ክፉ ሰው አይደለም። በግንባታ ኩባንያ ይሠራል፤ እሱም ደካማ፣ እሱም ባተሌ ነው። ፍቅራቸውን የገደለው ጠብ ሳይሆን አለመገናኘት ነው። ሁለቱም እየተለፉ ሳለ «ሚዛን አጣ» የሚለው ክስ ለምን እሱን ዘሎ እሷ ላይ ያርፋል?

ጉዳዩ የሥዕል ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2013 አንዲት የ31 ዓመት የኤንኤችኬ ጋዜጠኛ ምርጫ ስትዘግብ ከርማ በልብ ድካም አረፈች፤ ከመሞቷ በፊት በነበረው አንድ ወር 159 ሰዓት ያህል ትርፍ ሰዓት ሠርታ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ የገለጸው በ2017 ነው። ከሂሮኮ ጋር ሙያቸው አንድ፣ ዕድሜያቸውም ተቀራራቢ ነው። ለሟቿ «ማመጣጠን አቃታት» የሚል ደፋር አይገኝም፤ ለሂሮኮ ግን ቃሉ ቀሎ ይገኛል።

ማንጋው ነውር የለውም ማለት አይደለም። አኖ ማብሪያውን አንዳንዴ ከልክ በላይ ትወደዋለች። ሲበራ ሥዕሉ ይፈጥናል፣ አንባቢም አብሮ ይሞቃል፤ ራስን መጨረስ እንደ ጀግንነት ይጣፍጣል። ይህን የምታርመው በአዲሱ ባልደረባ በታናካ ነው። ሂሮኮ ስትሞት «ሠራሁ» ብላ መሞት ትፈልጋለች፤ ታናካ ሥራ ብቻ ሠርቶ መሞትን አይፈልግም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አኖ ሰነፍ አድርጋ አልሣለችውም፤ የራሱን ምዕራፍ ሰጥታዋለች። «የሥራና የፍቅር ታሪክ» የሚሉት ተቺዎች ታናካን አይጠሩትም፤ እሱ ከተጠራ ነገሩ የሴት ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራልና።

ሺንጂን ማጣቷን እንደ ቅጣት የሚያነቡም አሉ። ቅጣት እንዲባል ፍርድ የሚሰጥ ፍጻሜ ያስፈልገዋል፤ ይህ መጽሐፍ ፍጻሜ የለውም። ደራሲዋ በ2008 በጤና ምክንያት አቋርጣዋለች። ለትርፍ ሰዓት በቅጣት የተደገፈ ጣሪያ በጃፓን ሥራ ላይ መዋል የጀመረው ከዚያ 11 ዓመት ቆይቶ፣ በ2019 ነው። ያም ሕግ ሥራ በበዛበት ወር 100 ሰዓት እስኪጠጋ ድረስ ይፈቅዳል።