ከመንገዱ በፊት ባልንጀራ

እዚህ አሜሪካ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን፣ በጸሎት ቡድናችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ባለቤታቸው ወደ ጌታ ከሄዱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። በዮሐንስ ራእይ የተጠሩትን የሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት ከተሞች በዓይናቸው ለማየት ከጡረታቸው ላይ ለዓመታት ቆጥበዋል። ገንዘቡ ሞላ፤ ፓስፖርቱም ታደሰ። "ልጄ እረፍት ሲያገኝ ይወስደኛል" እያሉ ሦስት በጋ ጠበቁ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ አለበት፣ የሚያሳድጋቸው ትንንሽ ልጆችም አሉት። በቅርቡ ስጠይቃቸው ግን "አሁንማ ጉልበቴ እንቢ አለኝ፤ ተወው" አሉኝ።

ያቺ "ተወው" ከልቤ አልወጣችም። በዚያው ቡድን ውስጥ ደስ ብሎን አብረናቸው ልንሄድ የምንችል ቢያንስ ሦስት ሰዎች ነበርና። እኛ አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁንም። በየሳምንቱ አብረን እየተንበረከክን አንዳችን የሌላችንን ናፍቆት አናውቅም ነበር።

ስለዚህ አሳቤን በግልጽ ልናገር። ዕድሜያችን ከገፋ በኋላ ረጅም ጉዞ ስናቅድ የመጀመሪያው ጥያቄ "ወዴት?" ሳይሆን "ከማን ጋር?" ሊሆን ይገባል። ያንን ሰው አስቀድመን የምንፈልገውም በቅዱሳን ኅብረት መካከል ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስን ተመልከቱ። ወደ እስፓንያ ለመሄድ ሲያስብ የሮሜን ወገኖች በመንገዱ እንዲረዱት ከመጠየቅ አላፈረም (ሮሜ 15፥24)። በሸመገለና በታሰረ ጊዜም ጢሞቴዎስን ቶሎ ና፣ ከክረምት በፊት ድረስልኝ፣ ማርቆስንም ይዘኸው ና፣ በጢሮአዳ የተውኩትን በርኖስም አምጣልኝ ብሎ ጻፈለት (2ኛ ጢሞቴዎስ 4)። ያ ታላቅ ሐዋርያ "ጌታ ከእኔ ጋር ስላለ ሰው አያስፈልገኝም" አላለም። እኛ ግን እርዳታ መጠየቅን እንደ ድካም፣ አንዳንዴም እንደ እምነት ማነስ እንቆጥረዋለን። እኔ እንደማየው ብዙዎቻችንን ከቤት ያስቀረን የገንዘብ ማጣት ሳይሆን ይህ ኩራት ነው።

ማርቆስ የተባለው ያው ጳውሎስና በርናባስ የተለያዩበት ሰው መሆኑን ደግሞ አትርሱ (ሐዋርያት ሥራ 15)። መልካም አማኝ ሁሉ መልካም የመንገድ ጓደኛ አይሆንም። ስለዚህ ውቅያኖስ ከመሻገራችሁ በፊት ባላችሁበት አገር አንድ ሁለት ሌሊት የሚያሳድር አጭር ጉዞ አብራችሁ ሞክሩ። ማን ማልዶ እንደሚነሣ፣ ማን ሌሊት እንደማይተኛ፣ ማን መድኃኒቱን እንደሚረሳ፣ ማን ሲርበው እንደሚቆጣ የሚታወቀው በዚያ ነው። ስለ ገንዘብም አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ነዳጁና ሆቴሉ እንዴት እንደሚካፈል፣ አንዱ ቢታመም ማን አብሮት እንደሚቀር ይታወቅ። ለብቻ መሆንም መብት ይሁን። ጳውሎስ ራሱ ባልንጀሮቹን በመርከብ አስቀድሞ እሱ በእግር ወደ አሶን ሄዷል፤ እዚያም ተገናኙ (ሐዋርያት ሥራ 20፥13)።

የእኚያ እናት ምኞት ለሽማግሌ የማይቻል አይደለም። ሰባቱም ከተሞች በምዕራብ ቱርክ ናቸው። ከኢዝሚር፣ ማለትም ከጥንቷ ሰምርኔስ፣ ተነሥቶ በበርጋማ (ጴርጋሞን)፣ በአክሂሳር (ትያጥሮን)፣ በሳርት (ሰርዴስ)፣ በአላሼሂር (ፊልድልፍያ)፣ በዴኒዝሊ አጠገብ ባለችው ሎዶቅያና በሴልቹክ አጠገብ ባለችው ኤፌሶን ዞሮ ወደ ኢዝሚር ለመመለስ መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወጣት በሦስት ቀን ይጨርሰዋል፤ እናንተ ሰባት ቀን ስጡት። የትያጥሮንና የፊልድልፍያ ፍርስራሾች በከተማ መካከል ስላሉ ከመኪና ወርዶ ጥቂት እርምጃ ይበቃል። ኤፌሶንን ከላይኛው በር ገብቶ ቁልቁል መውረድ ለጉልበት ይቀላል።

ከአሜሪካ ለሚነሣ ሰው ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ መደበኛው ሜዲኬር ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምናን በአብዛኛው አይከፍልም፤ ስለዚህ የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ። ሁለተኛ፣ አንዳንድ መኪና አከራዮች የዕድሜ ጣሪያ ስላላቸው ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድም አውጡ፤ ኦቶማቲክ መኪና ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሁለት ሹፌር መኖሩ መልካም ነው፤ በጨለማ ባትነዱ ደግሞ የበለጠ መልካም ነው።

"በአገራችን የተራበ እያለ ይህ ብክነት አይደለምን?" የሚሉኝ ወገኖች አሉ። ጥያቄው ከእውነተኛ ልብ የሚመጣ ነውና አልንቀውም። ተበድሮ የሚሄድ አይሂድ፤ የጌታንና የድሀውን ድርሻ ያላስቀደመም አይሂድ። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ሁለት ሥራ ሠርቶ፣ ወንድምና እህት አስተምሮ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው በሰባ ዓመቱ አንድ ሳምንት ከወገኖቹ ጋር ቢደሰት በደል ሆኖ አልታየኝም።

እኛ ወንጌላውያን ደግሞ በቦታ ቅድስና እንደማይጨመርልን እናውቃለን። ጌታ ለሳምራዊቷ ሴት እንዳስተማራት አምልኮ በተራራ አይወሰንም (ዮሐንስ 4)። የኤፌሶን ድንጋይ ማንንም አላዳነም። በሎዶቅያ ቆማችሁ ማዶ ፍል ውኃ የሚፈስበትን የፓሙካሌን ነጭ ዐለት ስታዩ፣ ለብ ስላለችው ቤተ ክርስቲያን የተጻፈው መልእክት ይበልጥ ይገባችሁ ይሆናል። ሆኖም ያ መልእክት ቤታችሁ ባለው መጽሐፍ ቅዱስም ውስጥ አለ። ከጉዞው ይዛችሁ የምትመለሱት ትልቁ ስጦታ አብሯችሁ የተጓዘው ሰው ነው።

አንድ ሥጋት ደግሞ አለ፤ ሰው ምን ይላል? ባሏ የሞተባት እህትና ሚስቱ የሞተችበት ወንድም ለብቻቸው ቢጓዙ ለሐሜት በር ይከፈታል፤ ለራሳቸውም ፈተና ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ግን ቤት መቅረት አይደለም። ሦስት ወይም አራት ሁኑ፤ ክፍላችሁን ለዩ፤ ልጆቻችሁና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ይወቁት። በብርሃን የተደረገ ነገር ሐሜተኛን አይፈራም። ወንጌልን ለመስማት የሚፈልግ ጎረቤት ካላችሁም ጋብዙት። ከመድረክ የማይመለስ ጥያቄ በመኪና ውስጥ ይመለሳል፤ ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩትን ሁለቱን ጌታ ያገኛቸው መንገድ ላይ አልነበረምን?

ለመሪዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ለወጣቶች ኮንፈረንስ፣ ለልጆች የበጋ ፕሮግራም አለን። ለአረጋውያን ያለን ግን ብዙ ጊዜ የሕመም ጥየቃና የለቅሶ ቤት መርሐ ግብር ነው። በጤናቸውም ጊዜ እንጠይቃቸው። በዓመት አንድ ቀን "ወዴት መሄድ ትመኛላችሁ? ከማን ጋር?" የሚል ስብሰባ ቢደረግ ምን ይከብዳል?

እኔም ንስሐዬን በሥራ ጀምሬአለሁ። ባለፈው እሑድ ወደ እኚያ እናት ሄጄ "እኛ ሦስት ነን፤ እርስዎ ይምሩን። ኮረብታ መውጣት ግድ አይደለም። እርስዎ ከታች ጥላ ሥር ተቀምጠው ለየከተማው የተጻፈውን መልእክት ያነቡልናል" አልኳቸው። ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያም "መነጽሬን ማሳደስ አለብኝ" አሉ።

ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከጎናችሁ የሚቀመጡትን አዛውንት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። እናንተም አዛውንት ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ጌታ በመንገዳችሁ ሁሉ ከእናንተ ጋር ይሁን።